የተበጠሰው የጎማ ሽቦ፣ የተመዘንኩት እኔ

ዛሬ ዝም ብዬ አልተኛም። ሻወር እንኳ አልገባሁም፤ እጄ ላይ የሳይክሌ ካቴና ግሪስ እንዳለ ነው፣ ስልኬም ጠቁሯል። ግን ካደረ ነገ ጠዋት "ተዪው ባክሽ፣ ምን ያደርግልሻል" ማለቴ ስለማይቀር ደሜ እንደፈላ ልጻፈው። ረጅም ነው። ትዕግሥት የሌላችሁ እለፉት።

ያው የኋላው ጎማ ነው። አዎ፣ እንደገና። ከፒያሳ ስወርድ ደህና ነበረች፤ ጎተራ ማሳለጫውን እንዳለፍኩ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጎማው እየተወላገደ ፍሬኑን ይፈትግ ጀመር። ሽቦ ተበጥሷል። በዚያ ፀሐይ ገፍቼ ገፍቼ ያ ሳይክል ሠሪ ልጅ ጋ ወሰድኳት። የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ልጁ ሳይክሏን አላያትም። እኔን ነው ያየው። ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች እስከ ላይ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

"ማዘር፣ ስንት ኪሎ ነሽ?"

ማዘር! 36 ዓመቴ ነው። እሱ ቢያንስ 28 ይሆነዋል። በስምንት ዓመቴ ነው የወለድኩት?

"ኪሎዬ ምን አገናኘው? ሽቦ ነው የተበጠሰው" አልኩት።

"አይ፣ ሥራው እንደ ኪሎው ነው።"

ሥራው እንደ ኪሎው! ልብስ ሰፊ እንኳ ዝም ብሎ በሜትሩ ይለካሻል እንጂ እንዲህ አይልም። "አንተ ብቻ ሥራት፣ ሒሳቡን እከፍላለሁ" ስለው ራሱን ነቀነቀና ወደ መንገዱ ዞሮ ተጣራ።

"ሚዛን! አንተ ሚዛን! ና እስቲ!"

እዚያ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ሕፃን ሚዛኑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እየሮጠ መጣ። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ሴትዮ ማማሰያዋን አስቀመጠች። ደንበኞቿ በርጩማቸውን ወደኛ አዞሩ። ሁለት ሊስትሮዎች ነበሩ፣ ሸንኮራ የሚግጥ አንድ ወያላም ነበር፤ ታክሲው ሞልቶ እየጠበቀው አልሄደም! በሌላ ቀን እኮ ግማሽ እግሬን ሳላስገባ "ሳበው!" የሚል ፍጡር ነው።

አልመዘንም ብል "ፈራች" ሊባል ነው። ስለዚህ ወጣሁ። ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ። ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፕ አለ፣ የምሳ ዕቃ አለ፣ የሥራ ጫማዬ አለ፣ ትልቅ የሳይክል ቁልፍ ከነሰንሰለቱ አለ። ይሄን ሁሉ ማን ያስረዳል? "ሄልሜቱን ቀንስ" ብቻ አልኩት ሕፃኑን። ሳቁ ሳሪስ ድረስ ተሰምቷል።

ሕፃኑ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለት ጊዜ። አንዴ ለሠሪው፣ አንዴ ለቡና ጠጪው። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሽ ሰፈር ከሰማው በኋላ ምን ዋጋ እንዳለው ባላውቅም አልጽፈውም። ሠሪው በጣቱ ቆጠር ቆጠር አደረገና፦ "ሁለት ከረጢት ስሚንቶ፣ ከነትርፉ" አለ።

እኔ መልስ እየፈለግኩ ሳለ ባለ ቡናዋ ጣልቃ ገባች። "ተዋት አንተ! ለጤናዋ ብላ ነው እኮ፣ ምስኪን።"

ምስኪን! ስሚንቶውን ችዬው ነበር። ይቺ ናት የገደለችኝ።

ልጁም አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ። "ማዘር፣ ሳይክል ለቀጫጭን ነው። ባጃጅ ብትገዢ ይሻልሻል። ትሠሪበታለሽም።" አስቡት፤ ጎማ ላሠራ ሄጄ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስጄ መጣሁ። ሕፃኑ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ተዋርጄም የከፈልኩት እኔ ነኝ!

አላለቀም። ዋናውን አልነገርኳችሁም። እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ልጅ መጣ። ቀጭን፣ ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ የቆመ። ሳይክሉን እየገፋ። የኋላ ጎማ። ሽቦ ተበጥሷል። ያው የኔው በሽታ፣ በዚያው በኩል፣ በካቴናው በኩል! ሠሪው ምን ቢለው ጥሩ ነው? "አይ የኛ መንገድ! ጨረሳችሁ አይደል?"

በቃ። ይሄን ነው የምጮኸው። የሱ ሲበጠስ መንገዱ ነው። የኔ ሲበጠስ ቂጤ ነው። ለምን እሱን ሚዛን ላይ አላወጣውም? ለምን "ወንድም፣ ለሽቦው ከበድከው" አላለውም? ሁለታችንም እኮ የምንነዳው እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ክዳኑ ተነቅሎ ተሰርቆ አፉን የከፈተው የፍሳሽ ጉድጓድ ኪሎ አይጠይቅም።

እስቲ ስለ ሽቦው ልናገር፤ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። የኋላ ጎማ ቀጭንም ይቀመጥበት ወፍራም፣ ከፊተኛው የበለጠ ነው የሚሸከመው። በተሽከረከረ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች የሚመጣው ሽቦ ትንሽ ላላ ይላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል። በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ። በደንብ የተወጠረ ሽቦ ይሄን ይችለዋል። የላላው ግን መሀል ሞዞው ጋ፣ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት እምብርቱ ጋ፣ ያለችው ቆልማማ ጫፉ ላይ እየደከመ እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ጧ! አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቶቹ ይተርፋል፤ እነሱም ተራ ይይዛሉ። ስለዚህ የተበጠሰውን ብቻ ቀይሮ "ሂጂ" ማለት ጥገና አይደለም። ዞሮ ሁሉንም ማጥበቅ፣ ቸርኬውን ማቅናት አለበት። ባለፈው ሲሠራት ምን እንዳደረገ አይቻለሁ፤ አንዷን ቀየረ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ አሽከረከረና "አሪፍ ናት" አለ። እኔ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ዩቲዩብ ላይ ቸርኬ ሲያቀና እያየሁ ሌሊት ያነጋሁ ሰው ነኝ። ያ ሽማግሌ እያንዳንዷን ሽቦ በጣቱ እየነካ ድምፅዋን ይሰማል! የኛው ግን ሚዛን ይጠራል።

ኪሎዬ ምንም አያገባውም አላልኩም። ያገባዋል! ለዚህ አይደል እንዴ 36 ሽቦ ያለው፣ ውስጡ ድርብ የሆነ ቸርኬ የሚሠራው? ለዚህ አይደል ሰፊ ጎማ ገዝቼ ንፋሱን ከሌላው ሰው ከፍ አድርጌ የምሞላው? ስገዛት ባለ ሱቁን ይሄንኑ ጠይቄው ነበር። "ስንት ኪሎ ትችላለች?" ስለው ሳቀና "እንደ አነዳድሽ ነው" አለኝ። ሌላው ዓለም ብዙ ሳይክል መመሪያው ላይ የክብደት ልኩ ተጽፎ ነው የሚሸጠው፤ አንብበሽ ትወስኛለሽ። እዚህ የሚነገርሽ ሲሰበር ነው። ያውም ሕዝብ ፊት።

ባሕር ዳር ሄዳችሁ የምታውቁ ፍረዱኝ። አንድ ሳይክል ላይ ነጂው አለ፣ ከኋላው ጓደኛው ተቀምጧል፣ ጓደኛው ጭን ላይ ደግሞ ዕቃ አለ። ደምሯቸው እስቲ! ሁለት ቀጫጭኖች ከነጓዛቸው እኔን ያስከነዳሉ። ማንም አስቁሞ አልመዘናቸውም። ሁለት ሰው ሆኖ መክበድ ይቻላል፤ ለብቻ መክበድ ነው ነውሩ።

ደግሞ "ሩጪ" የምትሉኝ አላችሁ። አንቺን ነው፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። ጉልበቴን ያየው ሐኪም ነው ሩጫ ከልክሎ ዋና ወይም ሳይክል ያለኝ። ሳይክል ላይ ክብደቴን ኮርቻው ይይዝልኛል፣ ጉልበቴ አይደበደብም። ዋና ደግሞ፣ ሳይክል ላይ እንዲህ ያየኝ ሕዝብ በዋና ልብስ ቢያየኝ ሚዛን ብቻ የሚበቃው አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ ይላል አይደል? እኔ ሥራ ደርሼ ስመለስ ብቻ ያልፈዋል። ግፊቴ ወርዷል። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ ስልኬን የማይ አስመስዬ መተንፈስ አቁሜያለሁ። ይሄን ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሁሉም የሚጠይቀው "ታዲያ ለምን አልከሳሽም?" ነው።

ለምን እንዳልከሳሁ ልንገራችሁ? አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው። ቤት ስደርስ የሚጠብቀኝ ደግሞ የእናቴ እጅ ነው። ደክሞኝ ስገባ "በሞቴ" ተብዬ የምጎርሰው ጉርሻ ብቻውን የቸርችልን ዳገት ይመልሰዋል። ጾም ሲገባ ይቀላል ብዬ ነበር። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ቀላል መስሎኝ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ያውም ጠዋት ዳገት ወጥቼ፣ ከዚያ በዘይት የሚንሳፈፍ በያይነቱ። ከዚያ "ጾም ነው፣ አያወፍርም" ተብሎ ፓስቲ። ዘይት ጾመኛ መሆኑን ሆዴ አያውቅም።

እሺ፣ ትንሽ ቀነስኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ይሄኔ ጨዋታው ይቀየራል። አክስቴ፣ በፋሲካ "እሰይ፣ ተመችቶሻል!" ብላ ጉንጬን የቆነጠጠችው አክስቴ፣ አሁን አገጬን ይዛ "ምነው ልጄ፣ ጠወለግሽ? አሞሻል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?" ትላለች። መንገዱ ላይ ስሚንቶ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ! መሀል ላይ አንድ ቀን እንኳ ጤነኛ ሆኜ የማድርበት ኪሎ የለም?

መንገዱን ካነሳሁ አይቀር፤ ሰፈር ሕፃናቱ ሲያዩኝ "ደራርቱ በርቺ!" ይሉኛል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን በእግሯ ነው የሮጠችው ልጆቼ፤ ግን እናንተን አልቀየምም፣ ከሁሉ የተሻላችሁ እናንተ ናችሁ። የምቀየመው የሚኒባስ መስኮት ከፍቶ "ለጎማዋ እዘኚላት!" የሚለውን ጎልማሳ ነው። ሱፍ ለብሶ! ለዚች ብሎ መስኮት ይከፍታል፤ በሌላ ጊዜ "ብርድ ይመታኛል" ብሎ ሰው የሚያፍነው እሱ ነው።

በኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ የብስክሌት መንገድ ሲሠራ እኮ እንባ ተናንቆኝ ነበር። አሁን ገብቼበት ስነዳ ምን አገኛለሁ? ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ይነሳሉ። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይንሸራሸራሉ። ቃጭል ሳሰማ "ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው አለ!" እባላለሁ። እኔ ማን ነኝ? ሰው አይደለሁም? አንድ ሕንፃ ላይ ደግሞ ጥበቃው "ሳይክል ግቢ ያቆሽሻል" ብሎ መለሰኝ። ከኋላዬ የመጣው ፒክአፕ እስከ መስኮቱ ጭቃ ነበር። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፈተለት።

አዲስ አበባ ደግሞ ለወፍራም የተሠራች ከተማ አይደለችም። ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘነበለች ናት። እኔ ደግሞ ታች አድራለሁ፣ ላይ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሳሪስ ተነስቼ ለገሃር እስክደርስ እግዜር ያውቃል፤ ቸርችል ላይ ስደርስ ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመኛል። ዳገት ላይ እያንዳንዷ ኪሎ ትቆጠራለች፤ ሜዳ ላይ ግን ነፋሱ ነው የሚያስቸግረው፣ እዚያ ያን ያህል አላንስም።

ቁልቁለት ላይ ግን! ቁልቁለት ላይ ወዳጆቼ፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስወርድ፣ ያን ጊዜ ማንም አይነካኝም። ጠባብ ልብስና መነፅር ያላቸው ጎረምሶች፣ እግራቸው እየተርገበገበ ፔዳል ሲመቱ፣ እኔ ፔዳል ሳልመታ፣ ኮርቻዬ ላይ ተደላድዬ፣ "ይቅርታ ወንድሜ" ብዬ በግራ በኩል አልፋቸዋለሁ። ሁለቱ ከረጢት ስሚንቶ እዚያ ላይ ነው የሚሠራው። ዛሬም አንዱን አልፌው ነበር። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ጎተራ እስክደርስ ድረስ።

ኡፍ። ደከመኝ። ንዴቱም ደከመው።

ሳይክሏ እዚያው ታድራለች፤ "ሽቦው ከመርካቶ ይምጣ" ብሎኛል። ነገ በታክሲ ነው የምሄደው፣ ያ ወያላ ከሆነ ደግሞ እንተዋወቃለን። ኮሜንት ላይ "ጂም ግቢ"፣ "ኪቶ ጀምሪ"፣ "ውሃ በሎሚ" የምትሉ ዛሬ አልችላችሁም፣ ባላነብ ይሻላል። ከሳሪስ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው ግን ቸርኬ አቅንቶ፣ ሽቦ በልኩ የሚወጥር ሠሪ የሚያውቅ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። 36 ቀዳዳ ድርብ ቸርኬ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅም ቢሆን። ዋጋው ግድ የለኝም። አጠገቡ ሚዛን የሌለው ይሁን ብቻ።