የሐይቆቻችን ዳርቻ የት ደረሰ? በየዓመቱ ይነገረን

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጠን ጓደኛዬ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ሙያው የካርታ ሥራ ነው። የበሰቃን ሐይቅ የሳተላይት ምስሎች በየዓመታቸው ደርድሯቸዋል። አንድ በአንድ ሲያሳልፋቸው ጥቁሩ ውሃ እያበጠ፣ እያበጠ ሄዶ እንደ ክር የቀጠነውን የመተሐራን መንገድ ነካው።

ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሄደ ሰው በሰቃን ያውቀዋል። ውሃው አስፋልቱን ግራና ቀኝ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። የከረዩ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ ውጧል። መንገዱንና የድሮውን ሐዲድ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። ይሄ ደግሞ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም።

ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ያነሳሉ። ምስሎቹ ከ2008 ወዲህ በነፃ ይገኛሉ። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ፤ ምስሉ የተሠራባት አንዷ ነጥብ (ፒክስል) መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ውሃ ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጣል፣ ቅጠል ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ኮምፒውተሩ በዚህ ልዩነት ዳርቻውን ያሰምራል። ክረምት ላይ ደመናው ስለሚያስቸግር የጥር ምስል ከጥር ጋር ይነጻጸራል።

ዳርቻው ወደፊት የት እንደሚደርስ ሲተነበይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳርቻው በዓመት ስንት ሜትር እንደተጓዘ አስልቶ መስመሩን ወደፊት መቀጠል ቀላል ነው። የሚሠራው ግን ምክንያቱ ካልተለወጠ ነው። በሰቃን ያሳደገው ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውና ከመሬት በታች የሚመጣው ውሃ ነው። ውሃው በፓምፕ ወደ አዋሽ ወንዝ ሲለቀቅ ስሌቱ ይቀየራል። የስምጥ ሸለቆው አቢያታ ሐይቅ በተቃራኒው እየሸሸ ነው፤ ከውሃው የሚወጣው የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን ጨው) ምርትና የላይኛው መስኖ ውሃውን ወስደውበታል። ስለዚህ ካርታ ሠሪው ፓምፑን የሚከፍተውን ሰው ይጠይቅ። ድሮ እዚያ ከብት ያጠጡ የነበሩትን አባትም ይጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የራሳችን ሳተላይት ወደ ሕዋ ወጥታ እንጦጦ ላይ ምስል ስንቀበል ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ባለሙያም ተቋምም አለን። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የየሐይቁ ዳርቻ በካርታ ይውጣ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ የአካባቢው ሰው በሚናገረው ሁሉ። ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለቤቱ መሠረት የሚቆፍር ሰው ውሃው ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ጓደኛዬ ያን ሁሉ ምስል ያወረደው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በካፌው ዋይፋይ ነው።