ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሚቀላው ዓይን

በነጻ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ የታከመ ሰው ዓይኑ ቢበላሽ እንኳ መካስ የለበትም፣ ክስ ከበዛ በጎ ፈቃደኞቹ ይሸሻሉ የሚል ክርክር ሰሞኑን ተደጋግሞ ይሰማል። ክፍያ ከሌለ ውል የለም፣ ውል ከሌለም ተጠያቂነት የለም እስከማለት የደረሱም አሉ። ሕጉን ያልገለጠ ሰው ወሬ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 የሙያውን ደንብ በቸልተኝነት የጣሰ ባለሙያን ኃላፊ ሲያደርግ ገንዘብ ተቀበለ አልተቀበለ ብሎ አይጠይቅም። አንቀጹ የተቀመጠውም ከውል ውጭ ለሚደርስ ኃላፊነት በተደነገገው ክፍል ነው።

ኢንፌክሽን የትም ያጋጥማል ይባላል። ያጋጥማል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ዓይን ሲመግል ግን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ድፍረት ነው። መሣሪያዎቹን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው የአውቶክሌቩ መመርመሪያ ወረቀት ቀለሙን ቀይሮ ነበር? ዓይን የታጠበበት ፈሳሽ የምርት ቁጥሩ ተመዝግቧል? ጀርም ገዳዩ 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ዓይን ውስጥ ተጨምሮ 3 ደቂቃ ተጠብቋል? ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ የሚሰረቁት እነዚያ 3 ደቂቃዎች ናቸው። በእጅ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 በመቶው ስለሆነ በእኩል መጠን ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) መቅጠን አለበት፤ ሳሙና የተቀላቀለበት የእጅ መታጠቢያው ዓይነት በስህተት ከገባ የዓይኑን የፊት መስታወት (ኮርኒያ) ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚያበሳጨው የቀን ስሌቱ ነው። በማግስቱ ፋሻው ይነሳል፣ ታካሚው ጣት ይቆጥራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቡድኑ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ግን በአብዛኛው ራሱን የሚገልጠው ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሕመሙ የጀመራቸው እናት ያኔ የሚያገኙት የቀበሌያቸውን ጤና ኬላ፣ ቢበዛ ጤና ጣቢያውን ነው፤ የሚሰጣቸውም የቴትራሳይክሊን ቅባት። የሚያስፈልጋቸው ግን በሰዓታት ውስጥ ዓይን ውስጥ የሚወጋ 1 ሚሊግራም ቫንኮማይሲንና 2.25 ሚሊግራም ሴፍታዚዲም የሚባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው፣ እያንዳንዱ በ0.1 ሚሊሊትር። ማን ይወጋቸዋል? ሐኪሙ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም። የትኛው ሌንስ እንደተተከለላቸው የሚያሳየው ተለጣፊ ወረቀትም በእጃቸው የለም፤ ቢከሱ ምን ይዘው ይቀርባሉ?

መከላከያው ውድ ነው እንዳይባል፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የአውሮፓ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ዓይን ውስጥ የሚገባ 1 ሚሊግራም ሴፉሮክሲም የተባለ ፀረ ባክቴሪያ የኢንፌክሽኑን አደጋ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያወርደው አሳይቷል። (ከ750 ሚሊግራም ብልቃጥ በእጅ ሲበጠበጥ ስሌቱን ሁለት ሰው ያረጋግጥ፤ መጠኑ ካለፈ ሬቲናን (ብርሃን ተቀባዩን የዓይን የኋላ ሽፋን) ይጎዳል።)

ስለዚህ ለ2 ሳምንት በቅርብ የሚገኝ፣ እነዚያን መድኃኒቶች የያዘ የዓይን ሐኪም ያልመደበ ዘመቻ ፈቃድ ማግኘት የለበትም። ለእያንዳንዱ ታካሚም ቀኑ፣ የታከመው ዓይን፣ የሌንሱ ተለጣፊና ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጥ። ይህ የሚያሸሸው በጎ ፈቃደኛ ካለ ይሽሽ።