ጨው ያልነካቸው መኪኖቻችን

ጋሼ ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ቪዲዮውን የላከልኝ ማሪላንድ ያለ ጓደኛዬ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ የተቀረጸ ነው። አንድ የስልሳዎቹ ሞዴል ቮልስ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ እስከ መስኮቱ ውሃ ውጦታል። ጋሼ ሁለቴ አዩት።

«የባሕር ውሃ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «በቃ፣ ነፍስ ይማር።»

ጋሼ አፍንጮ በር አካባቢ ከአርባ ዓመት በላይ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። ጨው ላሜራን ምን እንደሚያደርገው ግን ያውቃሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋና አሰብ ከርመው የመጡ መኪኖች እጃቸው ገብተዋል። «ቀለሙ ከላይ ያበራል፤ በጣትህ ስትጫነው ጣትህ ይገባል» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ውሃው ደርቆ ሲሄድ ጨው ይቀራል። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ መኪናው ከውጭ ደርቋል ሲባል መጋጠሚያዎቹ ውስጥ አሁንም እርጥብ ነው። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ፣ ሁለት ዓይነት ብረት በተነካካበት ቦታ ሁሉ አንዱ እየተበላ ይሄዳል። ቮልስ ላይ ይሄ ይብሳል፤ የሞተሩ አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ማግኒዥየም ደግሞ ጨው ፊት አይቆምም። የባሕር ውሃ የገባበትን መኪና ማዳን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ያስቃል፤ እንደገና ያረጥበዋል። በንጹህ ውሃ፣ ደጋግሞ፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ቀን ካደረ አበቃ።

የአሜሪካኖቹ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ይዘልቃል። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 ገደማ ነው፤ በእኛ ጳጉሜ 5 መሆኑ ነው። እኛ የዘመን መለወጫ ዶሮ ስንገዛ እነሱ መስኮት የሚሸፍኑበት ጣውላ ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ሀሪኬን ኢያን ሲመጣ በፎርት ማየርስ ቢች ባሕሩ ከመሬት በላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ወጥቷል። ከዚያ ወረድ ብላ ያለችው ኔፕልስ የሀብታም ከተማ ናት። ለዓመታት በጨርቅ ተሸፍነው፣ አቧራ እንኳ ሳይነካቸው የኖሩ መኪኖች በአንድ ቀን ሄዱ። በዓለም 375 ብቻ ከተሠራው ማክላረን ፒዋን ከተባለው ውድ የስፖርት መኪና አንዱ ከጋራዥ ተንሳፍፎ ወጥቶ ታይቷል።

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሳነሳ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁሌ ይቆጣኛል። «ሰው በጎርፍ እየሞተ አንተ ለቆርቆሮ ታለቅሳለህ?» ልክ ነው። ኢያን ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የወረደው ዝናብ የሰባት ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ሰው ይቀድማል፣ ክርክር የለውም። ግን ሙት ተቀብሮ፣ ቤት ተጠግኖ ካበቃ በኋላ የተረፈውን ዕቃ ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ ይመጣል። የእኔ ነገር እዚያ ላይ ነው።

እነሱ ምን እንደሚያደርጉት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሀሪኬን ቻርሊ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ መጋዘን ናደ። ውስጡ የቆዩ ፌራሪዎች ነበሩ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2023፣ 20 መኪኖች ካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ላይ ለጨረታ ቀረቡ፤ ያውም ሳይጠገኑ። ከመካከላቸው የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል ነበረች። ከአውሎ ነፋሱም በፊት ተጋጭታ የተቃጠለች ናት። ፎቶዋን ያየ ሰው መኪና ናት አይልም፤ የተጨማደደ ላሜራ ክምር ናት። በ1,875,000 ዶላር ተሸጠች። ገዢው የገዛው የሻንሲ ቁጥሯንና ታሪኳን ነው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ አገር ኢንሹራንስ ከፍሎ የተረከበው የጎርፍ መኪና የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የጎርፍ መሆኑ ይጻፍበታል። አንዳንዱ ነጋዴ ግን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እያዞረ ጽሑፉን ያስጠፋዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በኤፕሪል 2024 ዱባይ በ75 ዓመት ያልታየ ዝናብ ሲወርድባት ስንት መኪና መንገድ ላይ እንደተዋጠ አይተናል። ያገለገለ መኪና ደግሞ ወደ እኛ ሲመጣ የኖረው በአብዛኛው ከዚያ ነው። ስትገዙ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ደላላውን ደህና ዋል በሉት። ከርዕሴ ወጣሁ።

ቮልስ ፌራሪ ነው እያልኩ አይደለም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥቷል። ግን አዲስ አበባ ለአሮጌ መኪና የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የባሕር ንፋስ አያገኛትም። እንደ ፈረንጅ አገር በረዶ ለማቅለጥ ተብሎ መንገድ ላይ ጨው አይበተንባትም። ዝናቡ ሦስት አራት ወር ይጨክናል፣ ከዚያ ፀሐይ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ የስልሳዎቹ ቮልስ ዛሬም ፋብሪካ የሰጠውን ወለል ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሃቫና የተማሩ ወገኖቻችን ማሌኮንን ያውቁታል፤ ባሕሩ ግንቡን እየዘለለ መኪና ላይ የሚረጭበትን መንገድ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሀሪኬን ኢርማ ሲያልፍ ባሕሩ ተሻግሮ ሠፈር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኩባዎች ግን ጨው እየበላባቸውም የሃምሳዎቹን ቼቭሮሌት ይነዳሉ። እኛ ጨው ያልነካውን እንጥላለን።

አሁን የራሴን ልናዘዝ።

ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ ቀበና ወንዝ ዳር ባለው የአክስቴ ግቢ ይቆም ነበር። አንድ ነሐሴ ሌሊት ወንዙ ግቢውን ሞላው። ጠዋት ስደርስ ውሃው ሄዷል፤ መኪናው ላይ እስከ በሩ እጀታ የጭቃ መስመር ቀርቷል። «ተመስገን፣ ቆሟል» ብዬ ቁልፉን አስገብቼ አዞርኩት። አንዴ ጓ አለና ቀጥ።

ጋሼ መጥተው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ ፒስተኑ ሲገፋ የሚሄድበት የለውም፤ የሚጣመመው ቢየላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ነው። የእኔም አንዱ ተጣመመ። ማድረግ የነበረብኝ ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለውን ባትሪ መንቀል፣ አራቱን ካንዴላ ፈትቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር፣ ዘይቱን ማፍሰስ ነበር። ቁልፍ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ የዘይቱን ማውጫ ሲፈቱ የወጣው ማኪያቶ ነው። ቀለሙም አረፋውም ቁርጥ ማኪያቶ።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ጭቃው ነበር። ቮልስ ራዲያተር የለውም። የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣው በሮቹ ሥር በሚያልፍ ባዶ የላሜራ ቦይ ነው። የጎርፍ ጭቃ እዚያ ገብቶ ይደርቃል። ካልወጣ ወለሉን ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ጋሼ የአትክልት ጎማ ከአንድ ጫፍ ሰክተው ውሃ ለቀቁበት። በሌላው ጫፍ መጀመሪያ ቡና የመሰለ ውሃ ወጣ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ሁለት ቆርኪ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ውሃው ጠራ። ጋሼ ላሜራውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉትና «ይጮሃል» አሉ። ጤነኛ ነው ማለታቸው ነው። የቀበና ውሃ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንደ ባሕር ያለ ጨው ግን የለበትም። መኪናዬን ያተረፋት እሱ ነው።

ጎርፉን ያለፈችው መኪና ቦታ አጣች። ሠፈሩ ለልማት ተነሣ፣ አክስቴ ኮንዶሚኒየም ገባች። ኮንዶሚኒየም ደግሞ የቆመ መኪና አይወድም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ግቢዎች ሲነሡ ከሸራ ሥር የወጡትን መኪኖች ያየ ያውቃል። ሊብሬው በሟች አባት ስም ነው። ቦሎው ካለቀ ዘመን አልፎታል። የመነሻው ቀን ተቆርጧል። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚደርሰው ቁራሌው ነው። ፊያት 600 በኪሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። መሪው እንኳ ጤነኛ ነበር።

የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ምክንያቱ ይገባኛል። የቮልስ ጭስ ሽቶ ነው አልልም። ግን ውጤቱን አስቡት። ከእንግዲህ አሮጌ መኪና አይመጣም። ያለን ያው ያለው ነው። አንዱ በኪሎ በተሸጠ ቁጥር ይጎድላል እንጂ አይተካም።

ሙዚየም ይሠራልን አላልኩም። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ መኪና ሲያርስ ከሚውል ታክሲ ተለይቶ ይመዝገብ። የሟች አባትን ሊብሬ ማዛወር ዓመት የሚያስለፋ ነገር አይሁን። ከተማችን መስቀል አደባባይ ሥር ሳይቀር ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያ ሠርታለች፤ ከእነዚህ አንድ ጥግ በዓመታዊ ኪራይ ለእነዚህ ቢሰጥ ባለቤቱም ይከፍላል። እኔ እከፍላለሁ። ብቻ ምድር ቤት ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ጎርፍ የሚወርደው ወደ ታች ነው፣ ይሄን ለማወቅ ፍሎሪዳ መሄድ አያስፈልግም።

ለጊዜው ቮልሴ አራት ኪሎ ጀርባ አንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች። ዘመዴ እስከ መስቀል ታግሶኛል። ባለፈው ሳምንት ጋሼ መጡና ባትሪውን ነቅለው በፌስታል ያዙት። ክረምት ነው።

«ቁልፉንም አምጣ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው።