«ማክ ቫይረስ አይዘውም» ለተባለው እርማት

ወንድማችን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ማክቡክ (የአፕል ላፕቶፕ) አይቶ «ልግዛው ወይ?» ሲል ብዙዎች «ግዛ፣ ማክ ቫይረስ አይዘውም፣ ስለ አፕዴት አትጨነቅ» ብላችሁታል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባባሉ ግን ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፍላሽባክ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም ከ600,000 በላይ ማኮችን ይዞ ነበር። የገባው ጃቫ በተባለው ሶፍትዌር የደህንነት ክፍተት ነው። የጃቫ ባለቤት ኦራክል ክፍተቱን የደፈነው በፌብሩወሪ ሲሆን የአፕል እርማት የወጣው በኤፕሪል ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በዚያ መሀል ነው። አፕል ራሱ ከ2009 ጀምሮ ኤክስፕሮቴክት የሚባል መከላከያ ማክ ውስጥ አስገብቷል፤ አደጋ ባይኖር ይህ ባላስፈለገ። ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ቫይረሶች በቁጥር እንደሚበልጡ አልክድም፤ ተጠቃሚውም እጅግ ብዙ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ «ስለ አፕዴት አትጨነቅ» የምትለዋ ናት። ያገለገለ ማክ ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነውና። ለምሳሌ የ2012 ማክቡክ ፕሮ በአፕል በኩል ካታሊና ከተባለው የማክ ሲስተም ስሪት አያልፍም፤ ካታሊና ደግሞ የመጨረሻውን የደህንነት እርማት ያገኘው በ2022 ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን የባንክ ሒሳብ ውስጥ መግባት ያስፈራል።

ወንድሜ፣ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ከላይ በስተግራ ያለችውን የፖም ምልክት ተጫንና «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ክፈት። የተሠራበት ዓመትና የሲስተሙ ስሪት እዚያ ይታያል። ከዚያ በስልክህ ኢንተርኔት አገናኘውና «ሶፍትዌር አፕዴት» ውስጥ ገብተህ አዲሱን ስሪት ይቀበል እንደሆነ ሻጩ ፊት አረጋግጥ።