የትምህርት ቤቱን በር ክፈቱላቸው

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ትምህርት ቤት አጥር ሥር አልፍ ነበር። አንድ ልጅ፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የአጥሩ ጫፍ ላይ ስባሪ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሏል። ልጁ ሹራቡን አውልቆ ጠርሙሱ ላይ አነጠፈና ወደ ውስጥ ሊዘል ተዘጋጀ። ቀድመውት የገቡት ጓደኞቹ "ፍጠን፣ ዘበኛው ሳይመጣ!" ይሉታል። ዘበኛው ግን መጣ። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲወርድ ጠርሙሱ መዳፉን ቆረጠው። ጠጋ ብዬ "ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት። የተቆረጠውን እጁን በሌላው ጨብጦ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ኳስ ልንጫወት ነው" አለኝ።

ልብ በሉ። ይሄ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚያው በር ገብቶ የሚማር ልጅ ነው። አጥሩ ሲታጠር የሰፈሩ ወላጅ አዋጥቷል። የእሱም አባት አዋጥቶ ይሆናል። ቅዳሜ ሲሆን ግን በሩ ይቆለፍና ልጁ እንደ ሌባ ይባረራል። ክረምት ሲገባማ ሁለት ወር ሙሉ ቁልፍ ነው። ሜዳው ላይ ሣር ይበቅላል፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ከእናንተ ጋር ዝም ያልኩ ነኝና ወቀሳው እኔንም ይነካኛል።

የእኔ እኩዮች የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰፈር ሁሉ ሜዳ ነበረው። ሣር የሌለው፣ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ የሆነ ሜዳ። ግን ሜዳ ነበር። የካልሲ ኳስ ሠርተን እስኪመሽ እንራገጥ ነበር። አንዱ ሜዳ ሕንፃ ሆነ፣ አንዱ መጋዘን ሆነ፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ሲታጠር ቆመን አየን። "መንግሥት ያውቃል" አልን። ልጆቻችን ኮብልስቶን ላይ ወጡ። ሁለት ድንጋይ ጎል ያደርጋሉ። አንዱ "መኪና!" ብሎ ይጮሃል፣ ሁሉም ወደ ዳር ይሸሻል፣ መኪናው ያልፋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አንድ ቀን "መኪና!" የሚለው ልጅ ካልጮኸስ?

ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮብልስቶኑም ያሳፍራቸዋል። ያኔ የት ይሄዳሉ? ፑል ቤቱ ክፍት ነው። ጫት ቤቱ ክፍት ነው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እያሳየ "ማን ያሸንፋል?" ብሎ ገንዘባቸውን የሚቀበለው ቤቲንግ ቤትም ክፍት ነው። ኳስ መጫወቻ የነፈግነው ልጅ በሌላ ሰው ኳስ እየተቋመረ ነው። ስለ ወጣቱ መበላሸት ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ይሄን እናስታውስ።

እኔ ርዕሰ መምህሩን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። መስኮት ይሰበራል። ቧንቧ ከፍተው ይሄዳሉ። ለዘበኛው የትርፍ ሰዓት የሚከፍል የለም። "ልጅ እግሩ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? እኔ ነኝ የምከሰሰው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ስነሳ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። "በስድስት ዓመቴ እዚህ ወንበር ላይ፣ ለዚህ ጉዳይ ብሎ የመጣ የሰፈር ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።" ይሄ ነው ያመመኝ። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ አሁን እናንተን ነው የማናግረው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ድንኳን እንተክላለን። ወንበሩ ይቆጠራል፣ ድስቱ ይወጣል፣ ማን ውኃ ይቅዳ፣ ማን መቃብር ያስቆፍር ሳይባል ሁሉም ቦታውን ያውቃል። እንዲህ ያለ አደረጃጀት ያለው ሕዝብ ልጆቹን በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ ማጫወት እንዴት ያቅተዋል? "መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም" የምትሉኝ ካላችሁ አልቀበልም። ኤችአይቪ ሰፈሩን ባራቆተበት ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ደንብ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ሲፈልግ ያሻሽለዋል።

ሂሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። 200 አባወራ ያለው እድር በወር 10 ብር ብቻ ቢጨምር 2,000 ብር ይሆናል። ይህ ለዘበኛው የቅዳሜና የእሑድ ትርፍ ሰዓት ድጎማ ይሆናል። የተሰበረ መስኮት ካለ ከዚያው ይጠገናል። ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ቁልፉን ማን ይረከባል፣ ቧንቧውን ማን ያያል፣ ልጅ ቢጎዳ ማን ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ ማንስ ይከፍላል። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረም። ወላጅ በተራ ይቁም፣ በየቀኑ ሁለት ሰው። ለምን ሁለት? ልጅን ለአንድ ሰው ብቻ፣ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ማንም ሳያይ አሳልፎ መስጠት ልክ አይደለም። ይሄን የምለው ማንንም ጠርጥሬ አይደለም። ልጆቹንም አሠልጣኙንም ይጠብቃል።

አሠልጣኙን ካነሳሁ አይቀር። በሰፈራችን "ፕሮጀክት"፣ ማለትም የታዳጊ ልጆች ኳስ ቡድን፣ የሚያሠለጥን አንድ ወጣት አለ። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣል። በማዳበሪያው ውስጥ ሁለት ኳስ አለ፣ አንዱ ተሰፍቶ ተሰፍቶ ክብ መሆኑ ቀርቷል። ልጆቹ ወደ 40 ይጠጋሉ። ኮን ስለሌለው ድንጋይ ይደረድራል። ታኬታ ያለው ልጅ የግራውን ለራሱ ያደርግና የቀኙን ለጓደኛው ያውሳል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ልጆች አንድ ጥንድ ታኬታ ተካፍለው ሲለማመዱ። እኛ ደግሞ ይሄን ወጣት "ሥራ ፈት" እንለዋለን። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አንሰጠውም። ባለሱቁ አንድ ጀሪካን ውኃ ቢያቀብለው፣ ልብስ ሰፊው ቀደዳ ማሊያ ቢጠግንለት፣ ሻይ ቤቷ ቁርሱን ብትችለው ምን ይጎድልባቸዋል?

የዚህ ዓይነት ሰው ምን እንደሚያፈራ የማናውቅ ይመስል! የአርሲዋን በቆጂን ተመልከቱ። በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን 4 ወርቆች ያመጡት ሁለት የበቆጂ ልጆች ናቸው። ቀነኒሳ በቀለ ሁለት፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁለት፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር። ከእነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ። ሰው "አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው" ይላል። ከፍታውማ ደብረ ብርሃንም አለ፣ በየደጋው አለ። በቆጂ ውስጥ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት ውስጥ እያየ መረጠ፣ ጠዋት ጠዋት ይዟቸው ወጣ፣ ዓመት ከዓመት አልሰለቸም። ነገሩ የተጀመረው በአንድ አስተማሪና በአንድ ገላጣ ቦታ ነው። የእኛ ሰፈር አስተማሪም አለው፣ ገላጣ ቦታም አለው። ቦታው ተቆልፏል እንጂ።

ሁሉም ልጅ ሻምፒዮን ይሁን እያልኩ አይደለም። ከ40ዎቹ አንዱም ክለብ ላይገባ ይችላል። ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ልጃችሁ ስንት ደቂቃ ይንቀሳቀሳል? ዛሬ ማታ ቁጠሩለት።

እናቶች፣ አባቶች፣ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ስሙኝ። ሜዳው ላይ ከ40ው ልጅ ሴቶቹ ሦስት ናቸው። የቀሩት የት ናቸው? ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውኃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ያማስላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ። ወንድማቸው በዚያው ሰዓት ኳስ ላይ ነው። ከዱራሜ የወጣችው ሎዛ አበራ በኢትዮጵያ ሴቶች ሊግ በጎል ብዛት ስሟን ተክላ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ በፕሮፌሽናልነት ተጫውታለች። ኳስ ስትነካ "የሴት ልጅ ወግ አይደለም" ብሎ የሚያስቀራት ሰው ቢረታ ኖሮ ማን ያውቃት ነበር? ሴቶቹን ለማምጣት የሚያስፈልገው ነገር ተራ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ይከፈት። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ይሄ ነው፣ አፍረው ግን አይናገሩትም። የፈለገች በረጅም ሱሪ፣ የፈለገች በሻሽ ትጫወት። አንዲት እናት ሜዳው ዳር ትቀመጥ። የቤቱ ሥራ ደግሞ ለወንዱም ይካፈል። ያኔ ሦስቱ ሃያ ይሆናሉ።

ዓይኑ በደንብ የማያይ፣ እግሩ የሚያነክስ ልጅ ያላችሁም አትደብቁት። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣችው የማየት ችግር እያለባት ነው።

አሁን ደግሞ "ይሄ የወረዳው ሥራ ነው" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወረዳውም ሥራውን ይሥራ። ወጣት ማዕከሉን ለስብሰባና ለሠርግ ከማከራየት ያለፈ አገልግሎት ይስጥበት። ከተማው ውስጥ አዳዲስ ሜዳዎች ተሠርተዋል፣ ደስ ይላል። በሰዓት የሚከራየው ሜዳ ግን ለዚያ መዳፉ ለተቆረጠው ልጅ ከአጥሩ የባሰ አጥር ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሰፈር ልጆች በነጻ ይሁን ብለን ሄደን እንጠይቅ። ተሰባስበን፣ በደብዳቤ፣ በእድራችን ማኅተም። አንድ አባወራ ሲጠይቅና 200 አባወራ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ስታዲየም እየጠበቅን ቆይተናል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን በላን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን "የሜዳችን ጨዋታ" የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም አጥተን። ያ ያንገበግባል። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ትልቁ ስታዲየም እስኪያልቅ የዛሬው የአሥር ዓመት ልጅ ሃያ ይሞላዋል። በእጃችን ያለው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም አትቅሩ። ሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምቱ ዝግጅቱን ሲያደርግ የኖረው በማኅበረሰቡ ክንድ ነው። እንዴት እንደሚደራጅ ታውቁታላችሁ። ማሊያ ከመላካችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ጠይቁ። ለሰፈራችን አንድ ጊዜ የተላከው ማሊያ ሁሉ የአዋቂ ነበር፤ የስምንት ዓመቱ ልጅ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ሮጠበት። አሁን የሚፈልጉት ቁጥር 4 ኳስና የሕፃን ታኬታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጅና ለአሠልጣኝ። ዋንጫ ለማግኘት ብላችሁ የልጅ ዕድሜ አትቀንሱ። የ17 ዓመቱን ልጅ 13 ብላችሁ ስታሰልፉ፣ እውነተኛው የ13 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ይቀራል። ልጁንም ውሸት አስተማራችሁት። ዋንጫው የማንም አይደለም።

የእኛ እድር የወሩን ስብሰባ የሚያደርገው በመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ጉዳዩን አጀንዳ ላይ አስይዣለሁ። ርዕሰ መምህሩ እመጣለሁ ብለዋል። አሠልጣኙም የልጆቹን ስም ዝርዝር ጽፎ ሰጥቶኛል፣ የዚያ መዳፉ የተቆረጠው ልጅ ስም ሰባተኛው ላይ አለ። የሰፈሬ ሰዎች፣ እዚያ እንገናኝ። የሌላ ሰፈር ሰዎች፣ የእናንተ እድር የሚሰበሰበው መቼ ነው?