የሚታፈነው ደረቱ፣ የሚወጋው ክንዱ

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ባለሙያ «ያለ ደም ምርመራ ሕፃንን አስም አለበት ማለት ግምት ነው» ሲሉ ተደመጡ። ይህን ያሉት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ ክሊኒክ ስለለጠፈው «የልጆች አስም ሙሉ ፓኬጅ» ሲጠየቁ ነው። ፓኬጁ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴል በቱቦ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት)፣ ሲአርፒ (በብግነት ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) እና አይጂኢ (ከአለርጂ ጋር የሚያያዝ ፀረ እንግዳ አካል) ነው፤ አራቱም ከክንድ በሚቀዳ ደም የሚሠሩ። የልጁን ትንፋሽ የሚለካ ነገር አንድም የለበትም። አስም ደግሞ የአየር ቧንቧ በሽታ ነው፤ ቧንቧው ይጠብባል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይጠብባል። ግምትስ ይህን ሳይለኩ ደም ቀድቶ ውጤት መጻፍ ነው።

ፓኬጁን ለመደገፍ ከተሰነዘሩት መከራከሪያዎች ሁሉ አቅም ያጣው «ሲአርፒው ንጹሕ ከሆነ ብግነቱ ጠፍቷል፣ ፓፉን ማቆም ይቻላል» የሚለው ነው። ይህ ልጅ የሚጎዳ ምክር ነው። ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ነው፤ በብዛት የሚያመርተውም ሰውነት በባክቴሪያ ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ሲናጥ እንጂ የአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ስለተቆጣ አይደለም። ሌሊት ሌሊት በሳል የሚነሣ የአስም ታማሚ ልጅ ሲአርፒው መደበኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ቶንሲል ሲይዘው ደግሞ ቁጥሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ መውጣት ይጀምርና በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያ ይነካል። ያ የቶንሲሉ ዜና ነው። በትንንሽ ላብራቶሪዎች ያለው የላቴክስ ምርመራማ ቁጥር እንኳ አይሰጥም፤ ጠብታው ስላይድ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ተወዛውዞ መጓጎሉ በዓይን ይታያል፣ በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በታች ያለው ሁሉ «ኔጌቲቭ» ይባላል። ኢኤስአር ከዚህ የባሰ ነው። ደም ማነስ ብቻውን ያሳድገዋል፤ ቱቦው ትንሽ ዘንበል ካለም ቀይ የደም ሴሉ ፈጥኖ ይወርድና ቁጥሩ በውሸት ይጨምራል። በዚህ ወረቀት ተማምና በፓፍ የሚሰጠውን ብግነት አብራጅ ቤክሎሜታዞን ያቆመች እናት ልጇ ቀጣዩ ጉንፋን ሲይዘው ኦክስጅን ፍለጋ ትሮጣለች።

«ኢዮሲኖፊል ግን ሌላ ነው» ይሉናል። በሲቢሲ የሚቆጠረው ይህ ነጭ የደም ሴል ከአስም ጋር ዝምድና ያለው መሆኑ እውነት ነው። አስሙ በሌላ መንገድ በታወቀ ልጅ ላይ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ለጥቃት ይበልጥ መጋለጡን ይጠቁማል፤ ለከባድ አስም የሚሰጡትን ውድ የባዮሎጂክ መርፌዎች ለመምረጥም ያገለግላል። ከዚህ በላይ ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣውን የእንግሊዝ የአስም መመሪያ የሚጠቅሱልን ሰዎች ቅደም ተከተሉን ይዘሉታል። ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በመጀመሪያ የትንፋሽ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለካል፣ ቀጥሎ ስፓይሮሜትሪ (በኃይል የሚወጣን አየር በማሽን መለካት)፣ እሱ ከሌለ ፒክ ፍሎው (የትንፋሽን ከፍተኛ ፍጥነት በትንሽ መሣሪያ መለካት)። በማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በላይ ኢዮሲኖፊል ከፍ ካለ አይጂኢ ጋር የሚታየው እነዚያ ሁሉ ተሞክረው መልስ ሲጠፋ ነው። ያ መመሪያ የተጻፈውም የሆድ ትል ብርቅ ለሆነበት አገር ነው።

እኛ ዘንድ ትል ብርቅ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ መድኃኒት የሚታደለው ለዚህ ነው። ወስፋት በእጭነቱ በሳንባ በኩል ሲያልፍ ልጁ ያስላል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ኢዮሲኖፊሉም ሽቅብ ይወጣል። አስም ይመስላል፤ አይደለም። «ሰገራው ንጹሕ ነው» የሚለው መልስም አያድንም፤ የወስፋት እንቁላል ሰገራ ላይ የሚታየው ከተያዘ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ነውና። የውሻ ትል የሆነው ቶክሶካራ ደግሞ በሰው ሰገራ ጭራሽ አይታይም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጣፎ ልጆች የሚጫወቱበት አፈር የባለቤት አልባ ውሾች መዋያም ነው። አይጂኢንም እነዚሁ ትሎች ያንሩታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ምርመራዎች ደርቦ «ሁለት ማስረጃ» ማለት አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ መጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የጅማ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የማለታቸው ነገር ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ኢዮሲኖፊልን የሚያበዛው ትል ከሲር ሲርታ ማነስ ጋር ከተገኘ፣ ቁጥሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚመራን ባለ ፓኬጆቹ ይንገሩን። (አሜባና ጃርዲያ ኢዮሲኖፊል አይጨምሩም፤ «ጃርዲያ ስላለበት ነው» ብሎ ማለፍም ስሕተት ነው።)

ቆጠራውስ? ነጭ የደም ሴልን በሦስት ብቻ የሚከፍለው ማሽን ኢዮሲኖፊልን ለይቶ አይቆጥርም፤ ከሞኖሳይትና ከቤዞፊል ጋር «ሚድ» በሚል አንድ መስመር ያጭቀዋል። ወረቀቱ ላይ «ሚድ» ካለ ኢዮሲኖፊል አልተቆጠረም፤ አለቀ። በማይክሮስኮፕ ከተቆጠረም መቶ ሴል ታይቶ አምስት ኢዮሲኖፊል ሲገኝ እውነተኛው ድርሻ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ በመቶ ድረስ ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ነጭ ሴሉ 8,000 የሆነ ልጅ እንግዲህ ከ160 እስከ 880 መካከል የትም ነው፤ 500ን ከላይም ከታችም ያቅፋል። ፐርሰንት ብቻውን ደግሞ ምንም አይናገርም፦ ስድስት በመቶ ከ5,000 ላይ 300 ነው፣ ከ14,000 ላይ 840። ጠዋት ዝቅ፣ ሌሊት ከፍ የሚል ሴል መሆኑን ጨምሩበት። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ይህ ነው፦ ልጁ እያጣጣረ ሲመጣ ዴክሳሜታዞን ይወጋል ወይም ፕሬድኒሶሎን ይሰጠዋል፣ ከሰዓታት በኋላ ደሙ ይቀዳል። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ኢዮሲኖፊልን ከደም ጠርጎ ያስወጣል። ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፣ «አስም አይደለም» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል።

የሚሠራው ነገር ውድ አይደለም። ዕድሜው 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ቆሞ፣ በረጅሙ ስቦ፣ ፒክ ፍሎው ሜትሩን በከንፈሩ ገጥሞ ባለ በሌለ ኃይሉ በአንዴ ይንፋ። ሦስት ጊዜ፤ ትልቁ ይመዝገብ። ከዚያ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል፣ ባለ 100 ማይክሮ ግራሙን፣ አራት ፓፍ በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ባዶ ዕቃ) ይውሰድና 15 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይንፋ። በደቂቃ ከ180 ወደ 216 ሊትር ከወጣ ጭማሪው 20 በመቶ ነው፤ 15 በመቶና ከዚያ በላይ አስምን ይደግፋል። ደህና በሆነበት ቀን ለውጥ ባይታይ አስም የለም ማለት አይደለም፤ ሲያስለው ይደገማል። መንፋት ለማይችል ትንሽ ልጅ ታሪኩ ይበቃል፦ ተመላልሶ ሲር ሲር ማለቱ፣ ሌሊት ወይም ሲሮጥና ሲስቅ ማሳሉ፣ በሳልቡታሞል ትንፋሹ መቅለሉ፣ ከዚያም በዝቅተኛ መጠን ቤክሎሜታዞን ለሁለት ሦስት ወር ሞክሮ ለውጡን ማየት። ሽሮፕ ሳልቡታሞል ልብ ከማስደለቅና እጅ ከማንቀጥቀጥ ያለፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ስፔሰር ከጠፋ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፤ የኬፕ ታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 በልጆች ላይ ፈትነው አሳይተውታል። የጠርሙሱ ቂጥ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል። ቀዳዳው ከሰፋ መድኃኒቱ ያመልጣል፤ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈን። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይነከርና ሳይወለወል ተዘቅዝቆ ይድረቅ፤ በጨርቅ ሲወለወል ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። አንድ ፓፍ ተነፍቶ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሦስት አራቱን በአንዴ መንፋት ብክነት ነው።

«ወላጆች ራሳቸው ወረቀት ይፈልጋሉ» የሚለውን አልቀበልም፤ ወረቀት መልስ ነው ብሎ ያስለመዳቸው ማን ሆነና? የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ትኩሳት ያለው፣ ከአራት ሳምንት በላይ አክታ ያለው ሳል የሚያስለው፣ ክብደቱ የሚቀንስ ልጅ ሲቢሲም የደረት ራጅም የቲቢ ምርመራም ይሠራለት። ለተቀሩት ክሊኒኩ ያን ማስታወቂያ ያንሳና ካርዱ ላይ ሦስት ቁጥር ይጻፍላቸው፦ ከፓፍ በፊት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ልዩነቱ በመቶኛ።