ግብሩን እናወራለን፣ ግንበኛውን እንረሳለን

ደሴ ላይ የአይጠየፍ አዳራሽ ወሬ ከተነሳ ግብሩ አይቀርም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም እንደየሥርዓቱ ያበሉበት ነበር ይባላል። ስለ ድግሱ ስንት ይወራል። አናጺውንና ግንበኛውን የሚያነሳ ግን ብዙም አይገጥማችሁም።

የንጉሡ ታሪክማ ይታወቃል። መሐመድ አሊ ተብለው ተወለዱ፤ በ1870 አፄ ዮሐንስ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሱ። በ1906 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አነገሷቸው። ጥቅምት 1909 ሰገሌ ጦርነት ላይ ተሸነፉ። ንግሥናው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። አዳራሹ ግን ይኸው እስከኛ ደረሰ።

አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሲነሳ የጣሊያናዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ስም አብሮ ይጠራል። ድንጋዩን የጠረበው ሰውስ? ቀጥቃጭና ሸማኔ ይናቅ በነበረበት አገር የጠራቢ ስም ማን ብሎ ይመዘግባል!

እንዲህ ያለ ባለሙያ ትቶልን የሄደው የእጁን ሥራ ነው። እኔን የሚያሰጋኝም እድሳት የምንለው ነገር ነው። የድሮ ቤቶቻችን ብዙዎቹ እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ ናቸው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ እንለስንበታለን። ለጊዜው ያምራል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ክረምቷ አይቻልም። ጭቃው የጠጣው እርጥበት በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑን በጣት ኳ ኳ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ያኔ "አርጅቷል፣ ይፍረስ" ይባላል። ያረጀው ቤቱ ሳይሆን ጥገናው ነው እኮ!

ሕግ አልጠፋም። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ግን ፈቃድ ብቻውን ምን ይሠራል? አይጠየፍም ሆነ ሌላ አሮጌ ቤት ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ ምሰሶና ማገር ተለክቶ በንድፍ ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሳ። በ2014 የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል፤ ቅጂው ሌላ ቦታም ይቀመጥ። ጭቃ ማቡካትና መለሰን የሚያውቁ አዛውንቶች ከመሐንዲሱ ጋር ይቀጠሩ፤ አበል ሳይሆን ደመወዝ ይከፈላቸው። ሥራው ሲያልቅ በር ላይ በሚለጠፈው ሰሌዳም ሪባን ከቆረጠው ባለሥልጣን ስም በፊት የአናጺዎቹና የግንበኞቹ ስም ከነአባታቸው ይጻፍ።